ማርስን የመሰለው ቤትና የእኛ ጓዳ
(በጉንችሬ ለተማሪዎች ከቀረበ ንግግር)



ከሰኔ 18 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች በአሜሪካ ሂዩስተን፣ ማርስን አስመስሎ በታነጸ 158 ካሬ ሜትር ቤት ውስጥ ለ378 ቀናት ኖረዋል። የቡድኑ መሪ ሴት ነበረች። መልእክታቸው ወደ ውጭ ለመድረስ እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅ ስለነበር፣ ችግር ሲገጥማቸው መፍትሔውን አስቀድመው እርስ በርሳቸው ይፈልጉ ነበር። አትክልት አብቅለዋል፤ የተበላሸውን ጠግነዋል።

ይህ ኑሮ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ቆጮን በጉድጓድ ቀብረው ለክፉ ቀን ማቆየትን ያውቁበታል። የጎደለን የሥራው ክፍፍል ነው። እህታችን ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስትቀር፣ ወንድሟ ግን በሰዓቱ ክፍል ይገባል። እንዲህ ከሆነ የነገዋን የቡድን መሪ ከወዲሁ ከምንጭ ዳር አስቀርተናታል ማለት ነው።

ስለዚህ አደራ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት በየቤታችሁ ተራ አውጡ፤ ጀሪካኑን ዛሬ እርሷ ብትይዝ ነገ እርሱ ይያዝ። ወላጆችም ተራው መጠበቁን ተከታተሉ።

ልዑል እግዚአብሔር ትምህርታችሁን ይባርክላችሁ።