አብሽር እንባባል

(ባለፈው የቅሬያችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኛችሁ አባላትና ለመላው የሰፈራችን ነዋሪ እንዲደርስ በሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ አይደለም። ስለ ድንኳኑ መቀደድም አይደለም፤ እሱን ሒሳብ ያዡ ይነግሯችኋል። የዛሬው ነገራችን ስለ ሲጋራ ነው። «ይኼን ደግሞ ማን አመጣው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያመጣነው እኛው ስናጨስ የኖርነው ነን።

ባለፈው ዓመት ክረምት አንድ አባላችንን ቀበርን። ቤተሰባቸው እዚሁ አብሮን ስለ ተቀመጠ ስማቸውን አንጠራም፤ ይህንን ለመናገርም አስፈቅደናል። ሕመማቸው የሳንባ ነበር። ብዙ ዘመን አጭሰዋል። በመጨረሻው ጊዜ ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ያለችውን አቀበት ሦስት ጊዜ እያረፉ ነበር የሚወጧት። ታዲያ የቀብሩ ዕለት ድንኳን ተክለን፣ አግዳሚ ደርድረን ስንጨርስ፣ አምስት ሆነን ከድንኳኑ ጀርባ ዞር አልንና ሲጋራ ለኮስን። የሟች ትንሿ ልጅ ጀሪካን ይዛ በዚያ ስታልፍ አየችን። ምንም አላለችም። ቆም ብላ አየችንና ሄደች።

አምስታችንም ሲጋራውን ሳንጨርስ ጣልነው። ውሸት አንናገርም፤ ማታውን መልሰን አጨስን። ነገር ግን የልጅቱ አስተያየት ከሆዳችን አልወጣም። ከአምስቱ አንዱ ይህን የምናነብላችሁ እኛው ጸሐፊያችሁ ነን።

ለመሆኑ ከዚያ በፊት ያልተቆጣን ሰው አለ? ሚስቶቻችን ተቆጥተዋል፤ ልጆቻችን አፍንጫቸውን ይዘው ሸሽተውናል። ይኼው ቅሬያችን ራሱ አንድ ጊዜ «በስብሰባ ላይ ያጨሰ ይቀጣል» ብሎ ወስኖ ነበር። ደንቡን በቃለ ጉባኤ ላይ የጻፍነውም እኛው ነን። ምን ሆነ? ቅጣታችንን ከፈልንና ውጭ ወጥተን አጨስን። በቃ፣ ይኼው ነው የሆነው።

ቅጣት ካነሣን ከእኛ እጅግ የከበደ ቅጣት በአገራችን ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ከከተማችን በስተሰሜን ቦሩ ሜዳን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትልቁን ጉባኤ የሰበሰቡት እዚያ ነው። የጉባኤውን ነገር ለታሪክ እንተወውና፣ እኒህ ንጉሥ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንዳሰፈሩት የሚያጨስ ሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር። ታዲያ ትምባሆ ከአገራችን ጠፋ ወይ? አልጠፋም። ሰው ተደብቆ አጨሰ እንጂ አልተወም። ከንፈር መቁረጥ ያላስተወውን እኛ በአሥር ብር ቅጣት እናስተዋለን ማለታችን ሞኝነት ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ክፉነቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ትምባሆ ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ነገር አለ። ጭሱን ስንስበው በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ደስ ያሰኛል፣ ያረጋጋል። ትንሽ ቆይቶ ኃይሉ ሲቀንስ ሰውዬው ይቁነጠነጣል፣ ይናደዳል፣ «አንዲት ፍሬ ብቻ» ይላል። ሃራራ የምንለው ይኼንን ነው። ሱሱን የሚያመጣው ኒኮቲኑ ነው፤ በይበልጥ የሚገድለው ግን አብሮት ያለው ጭስ ነው። ባለሙያዎች በጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች እንዳሉና ከነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያመጡ ይናገራሉ። ልብን፣ ሳንባን፣ የደም ሥርን ይጎዳል። ለሳንባ ነቀርሳ በሽታም ያጋልጣል። ስለዚህ ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየበት ሰው «የሲጋራ ሳል ነው» ብሎ ችላ ሳይል ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር።

ደግሞ ሒሳቡን እንየው። በቀን 10 ፍሬ የሚያጨስ ሰው በዓመት 3,650 ፍሬ ያጨሳል። እኛ 20 ዓመት አጭሰናል። ይኼ 73,000 ፍሬ ነው። ቁጥሩን በወረቀት ላይ ስንጽፈው እጃችን ተንቀጠቀጠ። በብር ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

የሟች አርባ ከወጣ በኋላ አምስታችን ቡና ላይ ተገናኘንና «አብረን እንተው» ተባባልን። ቀን ቆረጥን። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ሁካታው፣ ግብይቱ፣ ሲጋራና ማስቲካ የሚያዞሩት ልጆች ይፈትኑናል ብለን ማክሰኞን መረጥን። ለቤተሰብም ለጎረቤትም ነገርን። ከመካከላችን አንዱ «ለምን ለሰው እንናገራለን? ባንችል መሳቂያ እንሆናለን» ብሎ ነበር። አሁን ስናየው ያዳነን መናገራችን ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ምን እንበላችሁ! እንቅልፍ የለም። በትንሹ በትልቁ ቁጣ ነው። የጦሳ ብርድ ሲመጣ «በዚህ ብርድ ያለ ሲጋራ እንዴት ይኖራል?» ያሰኛል። ከምሳ በኋላና ከቡና ጋር ይብሳል። ነገር ግን አንድ ነገር ተማርን፤ ሃራራው ሲመጣ ማለቂያ የሌለው ይመስላል እንጂ ጥቂት ደቂቃ ከታገሡት ያልፋል። ስለዚህ ያኔ ውሃ እንጠጣለን፣ የሽምብራ ቆሎ እንቆረጥማለን፣ ተነሥተን እንራመዳለን። ቡናችንንም ለሁለት ሳምንት በሻይ ለወጥን። የባሰበት ሰው ለሌላው ይደውላል፤ ተደዋዩም «አብሽር፣ ያልፋል» ይለዋል። ሌላ ጥበብ አልነበረንም።

አንድ ነገር እንጫወታችሁ። በአራተኛው ቀን አላስችል ብሎን ወደ ሱቅ ሄድን። ባለ ሱቋ ሁልጊዜ በዱቤ የሚሰጡን እትዬ ናቸው። «እትዬ፣ አንድ ፍሬ ይስጡን» አልን። «ስንተኛ ቀንህ ነው?» አሉን። «አራተኛ» አልን። «እንግዲያው በአምስተኛው ቀን መጥተህ ትወስዳለህ» ብለው ማስቲካ ሰጡን። በአምስተኛው ቀን ሄድን። «በስድስተኛው ቀን ና» አሉን። አልሰደቡን፣ አልመከሩን። እየሳቁ ቀን አስቆጠሩን። ነጋዴ ናቸው፤ ገበያቸው ነበርን፤ ግን ገበያቸውን ትተው እኛን ያዙ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ስለ ወደቀውም እንናገር፤ ፈቃዱን ሰጥቶናል። ከአምስቱ አንዱ የኮምቦልቻን መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ነው። ሦስት ወር ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ሐረጎ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ሌሊቱን በብርድ ሲያድር አጨሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቡናው ቀረ። ስልክም አያነሣም። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሸሸው ወዳጆቹን መሆኑን ያኔ አየን። ቤቱ ሄድን። «ወደቅህ» አላልነውም። «ስንት ቀን ቆይተህ ነበር?» አልነው። «ዘጠና አንድ ቀን» አለ። «እንግዲያው ዘጠና አንዱ ቀን የትም አልሄደም፤ መቻልህን አይተንበታል። አብሽር፣ ከነገ ጀምር» አልነው። አለቀሰ። አሁን እንደገና ከጀመረ አምስተኛ ወሩን ይዟል።

ሦስታችን ካቆምን ወዲህ አልነካንም። አምስተኛው ወንድማችን ግን እስካሁን ያጨሳል። ጫት ሲቅም ያለ ሲጋራ አይሆንለትም፤ ምርቃናው ሲመጣ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ብዙዎቻችሁ ይኼን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መተው የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከጫቱ ቤት ቢርቅ ይሻለዋል። እሱን ግን ከቡናችን አላስወጣነውም። እየመጣ ይጠጣል፤ ቀኑ ሲደርስለት እኛ እዚያው ነን።

ቤተሰብና ጎረቤት ሆይ፣ ከእናንተ የምንፈልገው የሚከተለው ነው።

1ኛ. ሊተው የጀመረ ሰው ቢቆጣ ቻሉት። ቁጣው የሱሱ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበርዳል።

2ኛ. «ስንት ቀን ሆነህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አሁንስ አላጨስህም?» ብላችሁ ግን አትመርምሩ። መጀመሪያው ያበረታል፤ ሁለተኛው ያስደብቃል።

3ኛ. የምታጨሱ ወዳጆች ፊቱ አትለኩሱ፤ «አንዲት ብትስብ ምን አለበት?» አትበሉ። የሚወድቀው በዚያችው አንዲት ነው።

4ኛ. ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ላይ ለእንግዳ ሲጋራ በሳሕን ማቅረብ ይቅር።

5ኛ. ቢወድቅ አትሳቁበት። አብዛኛው ሰው በአንድ ጊዜ አይተውም፤ ደጋግሞ ሞክሮ ነው የሚተወው።

6ኛ. ሕፃንና ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ማንም አያጭስ። ጭሱ የሚያጨሰውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውንም ይጎዳል።

ሕጉንም እወቁት። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ሲጋራ መሸጥም ክልክል ነው። ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ልጅን «ሂድ ሲጋራ ግዛልኝ» ብሎ ወደ ሱቅ መላክ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ብዙዎቻችን የጀመርነው ለአባቶቻችን ገዝተን ስንመለስ በመንገድ ላይ ለኩሰን በመቅመስ ነው።

ሌላው፣ «እኔ ልማዴ ነው፣ አልችልም» የምትሉ አላችሁ። ሙስሊሙ ወንድማችን በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ ሳያጨስ ይውላል። ክርስቲያኑም በጾሙ ሰዓት እስኪደርስ ይታገሣል። ታዲያ ይኼ መቻል አይደለም? ቀኑን ከቻሉት ማታውን ለመጨመር የሰው እርዳታ ነው የሚያስፈልገው። ጾም ሲገባ ለመተው መልካም ጊዜ ነውና ተጠቀሙበት።

የተወ ሰው የሚያገኘውንም ልንገራችሁ። የጤና ባለሙያዎች እንደሚሉት ከመጨረሻው ሲጋራ በኋላ በ20 ደቂቃ የልብ ትርታ ይቀንሳል። አንድ ዓመት ሲሞላው በልብ በሽታ የመያዝ ሥጋቱ ከሚያጨሰው ሰው በግማሽ ያንሳል። በአሥር ዓመት በሳንባ ካንሰር የመሞት ሥጋቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ «አሁንማ አረጀሁ፣ ምን ይጠቅመኛል?» አይባልም። እኛ በበኩላችን ያገኘነውን ብንነግራችሁ፣ የወጥ ጣዕም ተመለሰልን፤ ያቺን አቀበት ሳናርፍ እንወጣታለን፤ ትንሿ ልጃችንም ጉንጫችንን ስትስም አፍንጫዋን አትይዝም።

በመጨረሻም፣ መተው የሚፈልግ ማንኛውም ሰው፣ አባል ሆነ አልሆነ፣ ለእኛ በቃል ይንገረን። ስም በመዝገብ አይጻፍም፤ ቅጣት የለም፤ መዋጮም የለም። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ በቅሬው ቤት ሻይ እናፈላለን። ሱሱ የጸናበትንም ሰው ጤና ጣቢያ ድረስ አብረነው ሄደን እናማክርለታለን። በየዓመቱ ግንቦት 23 ቀን ትምባሆ የማይጨስበት የዓለም ቀን ነው፤ በዚያን ዕለት በዚሁ አዳራሽ ተገናኝተን ስንት እንደሆንን እንቆጠራለን።

ቅሬያችን የተቋቋመው ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ነው፤ መልካም ነገር ነው፣ ይቀጥላል። ግን ሰውዬው ገና በቁሙ ሳለ አንድ ቃል ብንሰጠው ድንኳኑ ብዙ ዓመት ይቆይለታል። ያቺ ቃል ዋጋ የላትም፤ ወሎዬ ሁሉ ያውቃታል።

አብሽሩ።

የቅሬው ጸሐፊ
ሰኞ ገበያ፣ ደሴ