የመርፌው ምስክርነት
በደጋና በቆላ መካከል የሬንጅ ጥንካሬ ምርመራ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በዚህ ጉባዔ ላይ እንድናገር ስጋበዝ፣ ስለ ታላላቅ ድልድዮች ወይም ስለ አዳዲስ አውራ ጎዳናዎች እንደማወራ ሳይታሰብ አልቀረም። እኔ ግን የመረጥኩት ርእስ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጥ ነው። ይኸውም በሙያችን ቢትሙን፣ በሕዝቡ አነጋገር ሬንጅ የሚባለው ነገር ለመንገድ ሥራ ከመዋሉ በፊት ጥንካሬው በቤተ ሙከራ እንዴት እንደሚለካና ልኬቱ ሲሳሳት በመንገዱ ላይ ምን እንደሚከተል ነው። ነገሩን ከነሥፍራው ለማሳየት ምሳሌዬን ከሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር አካባቢ ወስጃለሁ።

እንደሚታወቀው ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ሜዳዋ በውርጭ ይነጣል። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሲኬድ፣ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ከነበረችው ከአንኮበር ይደረሳል። አንኮበር ከከፍታዋ ላይ ሆና ቁልቁል የአፋርን ቆላ ትመለከታለች። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የቆላውን ሐሩር አቋርጦ፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነበር። በደብረ ሲና በኩልም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት በጣርማ በር ዋሻ የሚያልፈው መንገድ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እንግዲህ በዚህ አገር አንድ የጭነት መኪና በማለዳ ውርጭ ረግጦ ተነሥቶ፣ ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት ቆላ ይደርሳል ማለት ነው። መኪናው ያልፋል፤ አስፋልቱ ግን በተነጠፈበት ቦታ ብርዱንም ሙቀቱንም ተሸክሞ ይኖራል።

ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ ቀላል ቀላሉ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ከባድ አተላ ነው። ጠባዩ እንደ ሙቀቱ ነው፤ በብርድ ሲመቱት እንደ መስተዋት ይሰነጠቃል፣ በሙቀት እንደ ማር ይፈሳል። ስለዚህ ለደጋ መንገድ ለስለስ ያለው፣ ለቆላና ለከባድ ተሳቢዎች አቀበት ጠንከር ያለው ይመረጣል። በአገራችን የመንገድ ሥራ የምናውቃቸው 40/50፣ 60/70 እና 80/100 የሚባሉት ደረጃዎች የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሬንጁ ይጠነክራል፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ይለሰልሳል።

ይህ ቁጥር የሚገኘው ፔኔትሬሽን በተባለው ፈተና ነው። በመጀመሪያው የአስፋልት ዘመን ባለሙያው የሬንጁን ጥንካሬ የሚያውቀው ቁራሹን በጥርሱ አኝኮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ቦወን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ የጥርስን ፍርድ በመርፌ የሚተካ መሣሪያ ሠራ። የዛሬው መሣሪያ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ የመጣ ሲሆን፣ መሠረተ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም። ናሙናው በጥንቃቄ ቀልጦ በትንሽ ቆርቆሮ ይፈሳል፤ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በአየር ይበርዳል፤ ያን ያህል ጊዜ ደግሞ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውሃ ገንዳ ውስጥ ይቆያል። ከዚያም 100 ግራም ክብደት የተጫነበት መርፌ ጫፉ የሬንጁን ገጽ ሲነካ ተለቆ ለ5 ሰኮንድ እንዲሰርግ ይደረጋል። የሰረገበት ጥልቀት በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይቆጠራል፤ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ከሰረገ ልኩ 85 ይሆናል። መርፌው ቢያንስ በሦስት ቦታ ይወርዳል፤ ቦታዎቹም እርስ በርሳቸውና ከቆርቆሮው ጠርዝ ከ10 ሚሊ ሜትር ያላነሰ መራራቅ አለባቸው። ልኩ ከ50 በታች ሲሆን በንባቦቹ መካከል ከ2 በላይ፣ ከ50 እስከ 149 ሲሆን ከ4 በላይ ልዩነት ከታየ ፈተናው ይደገማል።

ክቡራን ሆይ፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር። ማወቅና መጠንቀቅ ግን አንድ አለመሆናቸውን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ስለሆነ፣ ታሪኩን ልናገር።

በወጣትነቴ በአንድ የደጋ የመንገድ ሥራ ካምፕ የቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበርኩ። ሥራውንም ድርጅቱንም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። የመንገዱ የላይኛው ክፍል በ80/100 ተነጥፎ ካለቀ በኋላ፣ ለቆላው አቀበት የሚሆን 40/50 በበርሜል ተጭኖ መጣ። ከላይኛው ሥራ የተረፉት በርሜሎችም በዚያው ግቢ ነበሩ። በክረምቱ ዝናብ ጽሑፋቸው ስለጠፋ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ካቦው ወደ ቤተ ሙከራው መጥቶ፣ «ኢንጂነር፣ እርስዎ ይለዩልን፤ ዳምጠውም ሠራተኛም ቆሞ ነው የሚጠብቅዎ» አለኝ።

በዚያ ሳምንት ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ጄኔሬተሩ የሚነሣው ማታ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የውሃ ገንዳው ማሞቂያ አይሠራም። ናሙናዎቹ በገንዳው ውሃ ውስጥ አደሩ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ረዳቴ መርፌውን ሲያወርድ የአንዱ ወገን ሬንጅ 44፣ 45፣ 46 ተነበበ። ሌላው ወገን 24 ሆነ። እኔም የመጀመሪያው 40/50 ነው፣ ሁለተኛው ሲቀልጥ የተቃጠለ ወይም ያረጀ ነው፣ ከ80/100 የተረፈ የለም ብዬ ፈረድኩ። በቅጹ ላይ የሙቀቱ መጠን «25 ዲግሪ» ተብሎ አስቀድሞ ታትሞ ስለነበር ከሥሩ ፈረምኩ። ባለ 45ቱ ወደ ቆላው ተጫነ፤ ባለ 24ቱ እንዲወገድ ተደረገ።

የውሃው እውነተኛ ሙቀት ግን 18 ዲግሪ ያህል ነበር። በተለመደው የመንገድ ሬንጅ ላይ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ ልኩ ወደ ዐሥር በመቶ ገደማ ይለወጣል። በሰባት ዲግሪ ልዩነት ይህ ሲጠራቀም ንባቡ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በ25 ዲግሪ 85 የሚነበበው ሬንጅ በ18 ዲግሪ 45 ይነበባል፤ በ25 ዲግሪ 45 የሆነውም 24 ይሆናል። እንግዲህ ለስላሳውን ጠንካራ ብዬ ወደ ሐሩሩ ላክሁ፤ ጠንካራውን ጥሩ ሬንጅ ደግሞ የተበላሸ ብዬ ጣልኩ።

ይህ ስሕተት የደጋ ብቻ አይደለም። ከአንኮበር በታች ባለው ቆላ 32 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ያለ ገንዳ የሚሠራ ሰው፣ 45 የሆነውን ጠንካራ ሬንጅ 85 ብሎ ይመዘግበዋል። የደጋው ብርድ ለስላሳውን ያጠነክረዋል፤ የቆላው ሙቀት ጠንካራውን ያለሰልሰዋል። ሁለቱም መርፌውን እውነተኛ ሐሰተኛ ያደርጉታል።

በተለይ ልታስተውሉልኝ የምሻው ነገር አለ። ሦስቱ ንባቦች 44፣ 45፣ 46 ተስማምተው ነበር። ደንቡ የሚፈቅደውን ልዩነት አላለፉም። ሦስት ምስክሮች አንድ ዐይነት ቃል ሰጡ፤ ሦስቱም ግን የቆሙት በአንድ በተሳሳተ ሥፍራ ነበር። የንባብ መስማማት የእጅን ጥንቃቄ ያሳያል እንጂ የሙቀቱን እውነተኛነት አያረጋግጥም። 24 የሚለው ንባብም ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ከፋብሪካ በቅርቡ የመጣ ሬንጅ ያን ያህል መጠንከሩ ሊያስጠይቀኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከመጠየቅ ይልቅ ምክንያት ፈጠርኩለት።

ዓመት ሳይሞላ በአቀበቱ ላይ የተሳቢዎች ጎማ ሁለት ቦይ አወጣ፤ በቀትርም አስፋልቱ ሬንጁን እንደ ላብ አንጠፈጠፈ። አንድ አረጋዊ ሾፌር መኪናውን አቁሞ፣ «ልጄ፣ ዝናብ ሲመጣ ቦዩ መሪዬን ይነጥቀኛል፤ በስተግራ ያለው ገደል ነው» አለኝ። ለናሙና አስቀርተን የነበረው ቆርቆሮ በሌላ ቤተ ሙከራ በእውነተኛ 25 ዲግሪ ሲፈተን 84 ተነበበ። አስፋልቱ ተነሥቶ እንደገና ተነጠፈ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። የሾፌሩን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚህ በኋላ የደጋ ቤተ ሙከራ ስለሚጠይቀው ልዩ ጥንቃቄ ጥቂት ልጨምር። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ የፈተሸ ወጣት ባለሙያ 100 አጥቶ መሣሪያውን እንዳይጥል፣ ወይም ይባስ ብሎ ዘጠኝ ዲግሪ እየደመረ እንዳይመዘግብ ያስፈልጋል። በንጹሕ በረዶና በውሃ ድብልቅ መፈተሽ ይሻላል፤ የበረዶ ነጥብ በደጋም በቆላም ዜሮ ነውና። የሬንጅ ጢስ እሳት የሚይዝበት የሙቀት መጠንም በከፍታ ላይ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ወደ ሰባት ዲግሪ ያህል የግፊት ማረሚያ መደመር ይገባል። ይህ ካልተደረገ ደኅናው ሬንጅ ያለጥፋቱ ሊወድቅ ይችላል።

አቀላለጡም የራሱ ጣጣ አለው። በርሜል ከሥሩ በእሳት ሲለበለብ ከታች ያለው ሬንጅ ይቃጠላል፣ ዘይቱ ይተናል፣ ልኩም ይወርዳል። ቤተ ሙከራው ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ሬንጁን በስሱ አፍስሶ በ163 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 5 ሰዓት ያቆየውና እንደገና በመርፌ ይለካዋል። በአሜሪካ የፈተናና የማቴሪያል ማኅበር ደንብ 60/70 የሆነው ሬንጅ ከዚህ በኋላ ከመጀመሪያው ልኩ ቢያንስ 52 በመቶውን መያዝ አለበት። በመንገድ ላይም ፀሐይና አየር ሬንጁን ዓመት በዓመት ያጠነክሩታል፤ ልኩ ከ20 በታች ሲወርድ አስፋልቱ መሰንጠቁ የማይቀር ነው። ስለዚህ በደጋ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ሬንጅ ማንጠፍ የመንገዱን ዕድሜ ገና ሳይጀምር ማሳጠር ነው።

መርፌው ሁሉን ያውቃል አልልም። የሚናገረው ስለ አንድ የሙቀት መጠን ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ እኩል የሆኑ ሁለት ሬንጆች በ60 ዲግሪ እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህም በቀለበት ላይ ባለ ሬንጅ 3 ግራም ተኩል የምትመዝን የብረት ኳስ አስቀምጦ፣ ሙቀቱን በየደቂቃው 5 ዲግሪ እየጨመሩ የሚለሰልስበትን ነጥብ መፈለግ ተለመደ። ፋይፈርና ቫን ዶርማል እ.ኤ.አ. በ1936 ሁለቱን ልኮች አዛምደው የሬንጁን የሙቀት ጠባይ የሚያሳይ ቁጥር አወጡ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1993 በአሜሪካ የተካሄደው ታላቅ የአውራ ጎዳና ምርምር ደግሞ ሬንጅን በሚነጠፍበት አገር የብርድና የሙቀት ወሰን የሚመድብ አዲስ ሥርዓት አስገኝቷል። እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ፣ ደጋና ቆላ በአንድ ቀን መንገድ በሚገናኙበት አገር ይህ አስተሳሰብ እጅግ የሚስማማ ነው። ነገር ግን የዘመናዊው መሣሪያ ዋጋ ከፍተኛ በመሆኑ፣ በካምፕ ቤተ ሙከራ መርፌው ገና ብዙ ዘመን ያገለግለናል። ስለዚህ በትክክል እናገልግለው።

የማቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ የመንገድ ሥራችን ብዙ ቅጾችን አፍርቷል፤ በማናቸውም ቅጽ ላይ ግን የፈተናው ሙቀት አስቀድሞ ሊታተም አይገባም። ቦታው ባዶ ሆኖ፣ ቴርሞሜትሩን ያነበበው ሰው በራሱ እጅ ከነሰዓቱ ይሙላው። ሁለተኛ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ሲቆጠብ የውሃ ገንዳው መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይጥፋ፤ የአንድ ቀን ነዳጅ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ጋር አይወዳደርም። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ቆርቆሮ ናሙና ታሽጎ ይቀመጥ። እኔን የከሰሰኝ ያ ቆርቆሮ ነው፤ እውነቱን ያወጣውም እርሱ ነው።

ወላጆቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ለእኛ ቅጠሉ ውሃው ውስጥ የቆመው ቴርሞሜትር ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ከመፈረማቸው በፊት ጎንበስ ብለው እንዲያነቡት አደራ እላለሁ። ከወረቀቱ ማዶ በጭጋግ ውስጥ መሪውን ጨብጦ አቀበቱን የሚወርድ ሰው አለና።