ከዳገት በኋላ ስለሚነሣ ራስ ምታት

በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በብስክሌት ነጂ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር




ስለ ብስክሌት እንድንናገር በተጋበዝን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ ውድድርና ስለ ዋንጫ የምናወራ መስሏችሁ ይሆናል። አገራችን በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ነጂዎች እንደ ነበሩ ስንቱ ያውቃል? (ዘመናቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይህ ግን ራሱን የቻለ አርእስት ስለ ሆነ ለሌላ ቀን እናቆየዋለን። ዛሬ የመረጥነው ትንሽ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን በመካከላችን ተደብቆ የኖረ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ብርቱ ዳገት ከወጡ ወይም ረዥም መንገድ በጥድፊያ ከነዱ በኋላ የሚነሣው ራስ ምታት ነው።

ተደብቆ የኖረ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ወድቆ ክርኑ የተላጠ ጓደኛችን ቍስሉን ለሁሉ ያሳያል። ጕልበቱ ያበጠውም እያነከሰ ወደ ክፍል ይገባል፤ «እንዴት ሆንህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ራሱን የሚያመው ግን ዝም ይላል። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦ ላይ ሲደርስ በጆሮ ግንዱ ውስጥ ከበሮ እየተመታበት ከሌሎቹ ጋር ይሥቃል፤ ማታ መብራቱን አጥፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ በማግሥቱ ፈተና ካለበትም ክኒን ውጦ ይቀመጣል። ለምን ዝም እንዳለ ሲጠየቅ መልሱ «ሰነፍ እንዳልባል» የሚል ነው። ለመሆኑ ራስ ምታት ከስንፍና ጋር ምን ዝምድና አለው? እንዲያውም የሚይዘው ከሁሉ አብልጦ የሚታገለውን ነው።

ዛሬ እዚህ ያቆመን ይህ ዝምታ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ራስ ምታት አብዛኛው ጕዳት የሌለው ሲሆን፣ ጥቂቱ ግን ሰው የሚገድል ነው። ሁለቱን ለመለየት ሐኪም ሊጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሐኪም እንዲጠየቅ ደግሞ ሕመምተኛው አስቀድሞ አፉን መክፈት አለበት።

«እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ የሚያፍር ካለ ይህን ይስማ። በ2012 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ጥናት በአንድ ከባድ የብስክሌት ጕዞ የተካፈሉ 4000 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከእነርሱ 26 በመቶ የሚሆኑት ከብርቱ ድካም ጋር ራስ ምታት እንደሚይዛቸው መለሱ። ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው! ምክንያቱን ሲጠየቁም ብዙዎቹ ከልክ ያለፈ ድካምን፣ የውሃ ማነስንና ሙቀትን አነሡ። እንግዲህ ስምንት ሆነን ወደ እንጦጦ ስንወጣ ከመካከላችን ሁለት ያህሉ ራሳቸውን ይዘው ቢመለሱ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ስምንታችንም «ደኅና ነን» ማለታችን ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዡል ቲኔል በ1932 «የድካም ራስ ምታት» ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ ወዲህ ከተጻፉት ሁሉ እኛን የነካን ግን ሩክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1968 ያሳተመው ነው። ይህ ሐኪም በድካም ጊዜ ራሳቸውን የሚያማቸውን 103 ሕመምተኞች ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ተከታትሏቸዋል። ከእነዚህ በ10ሩ የራስ ቅል ውስጥ ሌላ በሽታ ተገኘ፤ በአንዳንዱ ዕጢ፣ በሌላውም የረጋ ደም። የቀሩት ምንም አልተገኘባቸውም፤ ብዙዎቹም በጊዜ ብዛት ሕመሙ ለቀቃቸው። እነዚህ ሰዎች ሕመማቸው ብሶ ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት የተላኩ ስለ ነበሩ፣ በእኛም መካከል ከአሥሩ አንዱ ዕጢ አለበት ማለት አይደለም። ደግሞም ዘመኑ እንደ ዛሬው አንጎልን የሚያነሣ መሣሪያ ያልተገኘበት ነበር። ቢሆንም 10 ሰው ቀላል ቍጥር አይደለም፤ አሥሩም በመጀመሪያው ቀን «ደክሞኝ ነው» ሳይሉ አይቀሩም።

ዛሬ ሐኪሞች የድካም ራስ ምታት የሚሉት እንዲህ ነው፤ በብርቱ ሥራ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ብቻ ይነሣል፤ ከ48 ሰዓት በታች ይቆያል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመላለሳል፤ ሌላ የሚያስረዳው በሽታ አይገኝበትም። ብዙውን ጊዜ እንደ ልብ ትርታ ይመታል። በሙቀትና በከፍተኛ ቦታ ይብሳል።

መንሥኤው ምንድን ነው ቢባል ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ በአንድ ቃል አልተስማሙም። ሰው ዳገት ላይ ሲታገል ልቡ በኀይል ይመታል፤ የደሙ ግፊት ከፍ ይላል፤ ጡንቻዎቹ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን የተቃጠለ አየር ያበዛሉ። በዚህ ጊዜ የአንጎል ደም ቅዳዎች ይሰፋሉ። የራስ ቅል ደግሞ እንደ ሆድ የሚለጠጥ አይደለም፤ የተዘጋ የአጥንት ሣጥን ስለ ሆነ በውስጡ የሰፋ ነገር ሁሉ ጎረቤቱን ይገፋል። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ የሚሰማው በመሸፈኛውና በትልልቆቹ ደም ሥሮች ላይ ያለው ነርቭ ነው። ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ ከራስ ወደ ልብ የሚወርደውን የአንገት ደም መልስ መርምረው፣ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ክዳን የማይገጥምባቸው ሰዎች በእነዚህ ሕመምተኞች ዘንድ በዝተው አግኝተዋል። ትንፋሹን አፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ መሪውን አንቆ የሚገፋ ሰው በደረቱ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ደሙ ከራሱ እንደ ልብ አይወርድም። ይህን የምናወራው ለእውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ከባዱን ማርሽ ይዞ ቆሞ የሚረግጠውን ጓደኛችንን «ማርሹን አቅልል፣ ተንፍስ!» የምንለው ስለዚህ ነው። ከመኝታ ተነሥቶ በቀጥታ ዳገቱን ከመጋፈጥ ይልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ መንዳትም ለብዙዎች ጠቅሟል።

ነገር ግን ከብስክሌት በኋላ የመጣ ራስ ምታት ሁሉ ከድካም የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ በተለይ በእኛ አገር። መጀመሪያ ከፍታው አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር አልፋለች፤ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እንጦጦ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከፍታ ብቻውን ከ2500 ሜትር ጀምሮ ራስን ሊያሳምም እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ። እንግዲህ ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ በዚህ ሳምንት የመጣን አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ተራራ ይዞ መውጣት ወዳጅነት ነው ብለን አናምንም። ጥቂት ሳምንታት ይቆይ፤ ሳንባውም ደሙም ይልመድ።

ሁለተኛው ጾም ነው። ምግብ ሳይቀምሱ ስምንት ሰዓት መቆየት ብቻውን ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ጓደኞች አሉን፤ በረመዳንም ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉ አሉን። እነዚህን «ጾማችሁን ፍቱ» የማለት ሥልጣንም ፈቃድም የለንም። ማለት የምንችለው በዚያ ወራት ዳገቱ ይቆይ፣ ሜዳው ይበቃል ነው። ተራራው የትም አይሄድም።

ሦስተኛውን ስንናገር አንዳንዶቻችሁ ትሥቃላችሁ፤ ቡና ነው። በየቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የለመደ ሰው ቡናውን ሲያቋርጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊያመው እንደሚችል በሕክምና መጻሕፍት በግልጥ ተጽፏል፤ ጥቂት ቡና ሲጠጣም ባንድ ሰዓት ውስጥ ይለቀዋል። በማለዳ ቡናው ሳይፈላ የሚወጣ ብስክሌት ነጂ ሕመሙን በዳገቱ ላይ ያላክካል፤ ጥፋቱ ግን የጀበናው መቅረት ነው።

የቀሩትን ባጭሩ እንለፋቸው። የራስ መከላከያ ቆብ ጠብቆ ከታሰረ ያሳምማል፤ ሲወልቅ ባንድ ሰዓት ውስጥ ይተዋል፤ ስለዚህ ማሰሪያውን ማላላት እንጂ ቆቡን መተው መፍትሔ አይደለም። ጐንበስ ብሎ አንገትን ቀና አድርጎ ለረዥም ሰዓት መንዳት የማጅራት ጡንቻዎችን ያደርቃል፤ ኮርቻው ወይም መሪው ለቁመታችን ያልተስተካከለ መሆኑን ያመለክታል። የውሃ ጥማትም የታወቀ ነው። ነገር ግን ውሃን ያለ ልክ መጋትም የራሱ አደጋ አለው፤ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል። በ2002 በቦስተን ማራቶን 488 ሯጮች ተመርምረው 13 በመቶዎቹ የደማቸው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ሲጠማ መጠጣት፣ በረዥም መንገድም ጨው ያለበት ምግብ መያዝ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ምልክቶች በታዩ ጊዜ ማረፍ፣ ጥላ ውስጥ መቀመጥ፣ ክኒን መፈለግ፣ «ትንሽ እንየው» ማለት የለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው። ሕመሙ እንደ መብረቅ ድንገት መጥቶ ባንድ ደቂቃ ውስጥ ከጣራ በላይ ከወጣ፤ ማስታወክ፣ የአንገት መድረቅ ወይም ራስን መሳት ከተከተለ፤ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፤ አንደበት ከተሳሰረ፣ አንድ ጎን ከዛለ፤ የዓይን ቆብ ካንድ ወገን ከወደቀና ባንገት ላይ አዲስ ሕመም ከተሰማ፤ ከመውደቅ ወይም ከመመታት በኋላ ከሆነ። ይህ በአንጎል ዙሪያ የሚፈስ ደም ወይም የተሰነጠቀ ደም ቅዳ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። በዕድሜ ገፋ ያሉ መምህራን በመካከላችን ስላሉ አንድ እንጨምር፤ በድካም ጊዜ ተነሥቶ በዕረፍት የሚተው፣ ከደረት መጨነቅ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት አንዳንድ ጊዜ የልብ ሕመም ምልክት ነው።

እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በድካም ምክንያት ብርቱ ራስ ምታት የያዘው ሰው ሳይመረመር ዳግመኛ ዳገት መውጣት የለበትም። ከሁለት ቀን በላይ የቆየበትም እንዲሁ። ሐኪሙ መርምሮ «ምንም የለብህም» ካለው ግን ብስክሌቱን መሸጥ አያስፈልገውም። በጥቂቱ እየጨመረ ይለማመዳል፤ ካስፈለገም ሐኪሙ የሚያዝለት መድኃኒት አለ። ኢንዶሜታሲን የሚባለው ብዙዎችን ጠቅሟል፤ ሆኖም ጨጓራን ሊያቈስል ስለሚችል ከጓደኛ ኪስ የሚወሰድ አይደለም።

ስለ ክኒን ካነሣን አይቀር፣ ከጕዞ በፊት «እንዳያመኝ» ብሎ የሕመም ማስታገሻ የመዋጥ ልማድ በመካከላችን መግባቱን እናውቃለን። ይህን በጣም እንቃወማለን። አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን የመሳሰሉት ውሃው ባለቀ ሰውነት ላይ ኵላሊትን ይጎዳሉ፤ አስፕሪን ደግሞ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ፣ ሕመሙ የመጣው ከሚፈስ ደም ቢሆን ነገሩን ያባብሰዋል። ከሁሉ ይልቅ ማስታገሻው ሊያስጠነቅቀን የመጣውን ሕመም አፉን ይይዘዋል።

ስለዚህ እኛ ብስክሌት ነጂዎቹ ለራሳችን ጥቂት ውሳኔ አድርገናል። በየጕዞው ግማሽ ላይ ቆመን እያንዳንዱ በተራው እንዴት እንደ ሆነ ይናገራል፤ መጀመሪያ የሚናገረው መሪው ነው፤ እርሱ «ራሴን አሞኛል» ሲል ከሰሙ ሌሎቹ አይፈሩም። ራሱን ያመመው ሰው ብቻውን ቁልቁለት አይለቀቅም፤ ዓይኑ ከፈዘዘ ፍሬኑን በጊዜ አይዝምና ሁለት ሰዎች አብረውት በእግር ይወርዳሉ። በማን ላይ እንደሚሣቅም ወስነናል፤ «ደኅና ነኝ» ብሎ ደኅና ባልሆነው ላይ ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ ጕዞ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ከስድስት ኪሎ ይነሣል፤ ጀማሪዎች ከሽሮ ሜዳ በላይ አይወጡም። ቡናችሁን ጠጥታችሁ ኑ። አሁን ከመካከላችሁ የሕክምና ተማሪዎች የምታርሙን ወይም የምትጨምሩልን ቃል ካለ መድረኩ የእናንተ ነው።