ቪዲዮው ስለ ምን ይቆማል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ሁላችሁም ስለምታውቁት ችግር ነው። የፊዚክሱን ቪዲዮ አንድ ተማሪ ብቻውን ሲከፍተው ያለ እንከን ይታያል፤ 40ውም ኮምፒዩተሮች በአንድነት ሲከፍቱት ግን ሥዕሉ ይቆማል፥ ድምፁም ይቆራረጣል። ስለዚህ ብዙዎቻችን የኮምፒዩተር ክፍሉን ኃላፊ ወቀስን፤ ሌሎቻችንም ቪዲዮውን የሚያድለው ሰርቨር አርጅቷልና አዲስ ይገዛ አልን። ነገር ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብን፥ አስቀድመን ለመመርመር ተስማማን።

በመጀመሪያ ተመልካቹን ቀስ በቀስ አበዛን። 5፥ 10፥ 20 ኮምፒዩተሮች በደኅና አሳዩ፤ 30 ሲሆኑ ግን በያሉበት መቆም ጀመሩ። ከዚህም ጉድለቱ ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙበት ነገር ላይ መሆኑን ተረዳን። ሁለተኛም ሰርቨሩን ተመለከትን፤ ቪዲዮው በቆመበት ሰዓት እንኳ ፕሮሰሰሩም ዲስኩም ሥራ አልበዛባቸውም። ሦስተኛም የቪዲዮውን ጥራት በሰከንድ ከ4 ሜጋቢት ወደ 2 ብናወርደው፥ 40ውም ያለ መቋረጥ አሳዩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 20 ጊዜ 4፥ 80 ነው፤ 40 ጊዜ 2ም እንዲሁ 80 ነው፤ 30 ጊዜ 4 ግን 120 ይሆናል። እንግዲህ መንገዱ የሚያሳልፈው 100 ሜጋቢት ያህል ብቻ መሆን አለበት። ሰርቨሩና ማከፋፈያው ግን 1000 የሚችሉ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ኬብል ብንፈትሽ፥ በውስጡ ካሉት 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ ጫፉ ላይ ተበጥሶ አገኘነው። ለ1000 ሜጋቢት ስምንቱም ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ግን አራቱ ይበቃሉና መሣሪያዎቹ በዝምታ ወደ 100 ወርደው ኖረዋል። ጫፉን ቆርጠን አዲስ ማያያዣ ብንገጥምለት፥ 40ውም በሙሉ ጥራት አሳዩ።

ጓደኞቼ ሆይ! አዲስ ሰርቨር ገዝተን በዚያው ኬብል ብናገናኘው ኖሮ፥ ገንዘቡ በከንቱ ወጥቶ ቪዲዮውም እንደ ቀድሞው ይቆም ነበር። ያለ ጥፋቱ የወቀስነውንም ኃላፊ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ስለዚህ በማናቸውም ነገር ችግር ሲገጥመን፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን እንመርምር፤ ያየነውንም በቁጥር እንጻፍ፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።