አውጪና ተቀባይ፦ ከቢቸናና ከሞጣ ልጆች ጋር የኪነ ጥበብ ሥራ

በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

 

የማኅበሩ ጸሐፊ ስልክ ደውሎ «ስለዚያ ስለ ልጆቹ ሥራ ሃያ ደቂቃ ተናገርልን» አለኝ። መምህራኖቻችን እንደሚያስታውሱት፣ እኔን የሚከብደኝ መጀመር ሳይሆን ማቆም ነው። ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትልልቅ መሥሪያ ቤት የምትመሩ አላችሁ። እኔ የምመራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡ ልጆችን ነው። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ሁለት ቡድን አለን፤ አንዱ ቢቸና፣ አንዱ ሞጣ። ቢሮም ማኅተምም የለንም። ከበሮ፣ ማሲንቆ፣ ጥቂት ዋሽንትና በልመና የተገኘ የመማሪያ ክፍል አለን። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ ይስላሉ፣ ግጥም ይጽፋሉ፣ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት ተውኔት ያደርጉታል።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የልጆች የኪነ ጥበብ ሥራ በበዓል ቀን መድረክ ላይ በሚታየው አይመዘንም። መሪው በቀረበት ቅዳሜ ልጆቹ ተሰብስበው እንደሆነ፣ መመዘኛው እሱ ነው። እንዴት እዚህ ሐሳብ ላይ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

እስቲ ከቡሄ ልነሳ። ነሐሴ ሲገባ ወንዶቹ ልጆች ጅራፍ መግመድ ይጀምራሉ። ማን ጠራቸው? ማንም። ማን በጀት ያዘላቸው? ማንም። ራሳቸው ይሰባሰባሉ፤ ድምፁ የሚያምረውን፣ ቃል የማያጥረውን ልጅ አውጪ ያደርጉታል፤ ሌላው ተቀባይ ይሆናል። የሚታመነውን መርጠው ሙልሙሉንና ሳንቲሙን ያስይዙታል። ትንንሾቹ መሬቱን በዱላ እየመቱ ምት ይጠብቃሉ። በር ላይ ቆመው የቤቱን ጌታ በስም እያነሱ ግጥም እዚያው ይፈጥራሉ። ከተሰጣቸው ይመርቃሉ፤ ካልተሰጣቸው ምን እንደሚሉ እዚህ ላለን ወንዶች አይጠፋንም። በመጨረሻ ቁጭ ብለው ይካፈላሉ፤ ቢጣሉም ራሳቸው ይታረቃሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ተራው የሴቶቹ ነው። በእንቁጣጣሽ አደይ አበባና ቄጠማ ይዘው አበባዬሆሽ ይላሉ፤ ወንዶቹም የሣሉትን ሥዕል ለጎረቤት ያድላሉ።

እንግዲህ አስቡት። መሪ ያለው፣ ገንዘብ ያዥ ያለው፣ የክፍፍል ደንብ ያለው የኪነ ጥበብ ቡድን ማለት ይህ ነው። «ፕሮጀክት» ይዞ ከውጭ የሚመጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እነዚህኑ ልጆች በተርታ ያስቀምጥና ምንም እንደማያውቁ ያስጀምራቸዋል። እኛ የቡሄውን አደረጃጀት ተዋስን። በየቡድኑ አውጪ አለ፤ አውጪነቱ በየሦስት ወሩ ይዞራል። ገንዘብ ያዡ ልጅ ነው፤ ደብተሩን ግን ወላጅ ያየዋል። የቀየርነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በልማዱ ወንዱ በቡሄ፣ ሴቷ በእንቁጣጣሽ ታወጣለች፤ በእኛ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሁለቱም ያወጣሉ።

ሌላው የተማርንበት ቅኔ ቤት ነው። ጎጃም በቅኔ የታወቀ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያነሷት ዲማም ከቢቸና ሩቅ አይደለችም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ቀን ጥግ ይዞ ይቆጥራል፣ ማታ ይነግራል። የሚሰማው ሁልጊዜ የኔታ አይደሉም፤ የቆየው ተማሪ የአዲሱን ይሰማል፣ ያርማል፣ ያቃናል። የትናንቱን መድገም ደግሞ የለም፤ ነገ ሌላ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁለት ነገር ወሰድን። አንደኛ፣ አዲስ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ቅዳሜ የራሱን ትንሽ ነገር ሳይሠራ አይሄድም፤ ሁለት ስንኝ ይሁን፣ አንድ ሥዕል ይሁን፣ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ይሁን። ወር ሙሉ የሌላ ሰው ሥራ የሚያጠና ልጅ ይሰለቻል። ሁለተኛ፣ አንድ ዓመት የቆየ ልጅ ሁለት አዳዲስ ልጆች ይረከባል። የእነሱን ሥራ የሚሰማውና የሚያርመው እሱ ነው፤ እኔ የምሰማው ከእሱ በኋላ ነው።

ይህ መንገድ የገጠር ከተማ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም መጥቶ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን በ«ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ አስጨፍሮ መድረክ አወጣ። ይህ አንድ ሰሞን ተወርቶ ሊቀር ይችል ነበር። ያልቀረው ከእነዚያ ልጆች 18ቱ ተመርጠው አምስት ዓመት ስለሠለጠኑ ነው። አዱኛ የሚባለው የማኅበረሰብ የዳንስ ቴአትር ቡድን ከዚያ ወጣ። ወጣቶቹ መደነስን ብቻ ሳይሆን ሌሎችን ማስተማርንም ተማሩ። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ኋላ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረቱ። ማልዱም ራሱ በርሊን ላይ 250 ያህል ልጆችን ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር አሠርቶ ስሙ በዓለም የናኘው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የእኛ ልጆች ቀድመዋል ማለት ነው! በክልላችንም ሰርከስ ደብረ ብርሃን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ፤ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችም ከሌሎቹ ጋር አብረው ይሠሩበታል። እነዚህን ያኖራቸው ትዕይንቱ ሳይሆን፣ የተማረው መልሶ ማስተማሩ ይመስለኛል።

ከታሪካችን የሚያስጠነቅቅም አለ። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ጀምሮ የኪነት ቡድን ነበረ፤ ጎጃምም ግሽ ዓባይ ኪነት ነበረው። ብዙ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች መጀመሪያ መድረክ የወጡት በኪነት ነው፤ ይህን መካድ ውለታ መርሳት ይሆናል። ነገር ግን ልጆቹ ምን እንደሚዘፍኑ የሚመርጥላቸው ሌላ ሰው ነበር። ዛሬም መፈክሩ ተቀየረ እንጂ ልማዱ አልጠፋም። እንግዳ ይመጣል ይባላል፤ ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው ከጧት ጀምረው ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፤ እንግዳው ከቀትር በኋላ ይደርሳል፣ አምስት ደቂቃ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። ውኃ የሰጣቸው የለም።

እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ እኛ ለልጆቹ እንነግራቸዋለን፤ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የሚሄዱ ከሆነ ሰዓት፣ ጥላና ውኃ ይጠየቃል፤ የተሰጠ ገንዘብ ካለ በያዡ ደብተር ይገባል። አንድ ጊዜ «አንሄድም» ብለው ወሰኑ። ጠሪው መሥሪያ ቤት አኮረፈ፤ የመለማመጃ ክፍላችንም ቁልፍ «ጠፋ» ተባለ። ሁለት ወር ያህል ባሕር ዛፍ ሥር ተለማመድን። ልጆቹ አልተከፉም። ውሳኔያቸው ዋጋ እንዳለው ያወቁ ይመስለኛል፤ የበሰሉትም በእነዚያ ሁለት ወራት ነው።

ወላጆችስ? በአገራችን «አዝማሪ» ስድብ ሆኖ የኖረ ቃል ነው። ቢቸና ላይ አንድ አባት መጡና «መምህር፣ እኔ ልጄን የላክኋት ፊደል እንድትቆጥር ነው፤ ዘፋኝ ልታደርጋት ነው ወይ?» አሉኝ። «አባቴ፣ ቁጭ ይበሉና አይተው ይፍረዱ» አልኳቸው። ቁጭ አሉ። ልጆቹ ቀረርቶ ሲሞክሩ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። «ኧረ ይህ ቀረርቶ አይደለም!» ብለው ተነሥተው አሰሙን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ የእሳቸው ነው። ልጃቸውም አልቀረችም።

የሴት ልጆች ነገር ግን በቀረርቶ ብቻ አይፈታም። ልምምዱ ከመሸ መጀመሪያ የሚቀሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ቀድመው የሚቀሩት ቤተሰብ ለትዳር ማሰብ የጀመረላቸው ናቸው። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ እንበተናለን፤ የቱንም ያህል ጨዋታው ቢሞቅ። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥም፤ እኔንም ይጨምራል። በየልምምዱ ቢያንስ አንዲት እናት አለች። ጥጧን ትፈትላለች፤ ዓይኗ ግን እኛ ላይ ነው። ልጅ የሚወደውን ነገር የሚሰጥ ሰው በልጁ ላይ ብዙ ሥልጣን አለው። ያንን ሥልጣን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ መሪው ደግ ነው ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሆነውን ታውቃላችሁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነበር። እኔ ሞጣ ሆኜ ቢቸና መሄድ ያልቻልኩባቸው ወራት ነበሩ። የቢቸናው ቡድን አበቃለት ብዬ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ስደርስ ቡድኑ በአራት ተከፍሎ አገኘሁት። ልጆቹ ሩቅ እንዳይሄዱ ብለው በየሰፈራቸው አውጪ መርጠዋል። የከበሮ ድምፅ ሩቅ ስለሚሰማ ከበሮውን ሰቅለው በጭብጨባ ይሠራሉ። ትንንሾቹን በተረትና በዜማ ፊደል የሚያስቆጥሩም ነበሩ። የ14 ዓመቷን አውጪ «ምነው ሳትጠብቁኝ?» ብዬ በቀልድ ብጠይቃት፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ባይመጡም ቅዳሜ ይመጣል እኮ» አለችኝ።

ጓደኞቼ፣ ከዚህ የበለጠ ሪፖርት የለኝም።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱብኝ። ይህ ትምህርት ቤትን አይተካም። ከትምህርት ገበታ የራቀ ልጅ የሚያጣው በዘፈን አይካካስም። ልጆቹ ግን በዚያ ጊዜ እርስ በርስ ተያይዘው ቆዩ፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚመለስበትን ጓደኛ ያላጣ ልጅ መመለስ ይቀለዋል።

ከሞጣ በእግር ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ ታስሮ፣ በወዲህና በወዲያ ዳር ያሉ ወንዶች እየሳቡት ነበር። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የዚህን ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰበረው ቦታ በብረት ተቀጠለ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ሰው የሚሻገርበት ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የሞጣ ልጆች ይህን ታሪክ ተውኔት አድርገውታል። በተውኔታቸው ንጉሡም ፈረንጁም ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ብለው ይሄዳሉ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረኩ ላይ የሚቆዩት ገመድ ሳቢዎቹ ናቸው። እንዲህ አድርጉት ያላቸው የለም።

እኔም ከእናንተ የምለምነው ያንኑ ገመድ መሳብ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ሙሉ ጠቅላይ ግዛት ወርደው አስተምረዋል። እኔ አንድ ዓመት አልጠይቅም፤ ሁለት ሳምንት እጠይቃለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ሙዚቀኛው፣ ተዋናዩ፣ ሠዓሊው፣ ጸሐፊው ይምጣልን። የሚያስተምረው ሁሉንም ልጆች አይደለም፤ አውጪዎቹን ነው። የቀረውን እነሱ ያዳርሱታል። አንድ ሰው ሦስት ዓመት ተከታትሎ ቢመጣ፣ ሦስት ሰው አንድ አንድ ጊዜ ከሚመጣ ይሻለናል።

መምህራኖቻችን ደግሞ የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ ብትልኩልንና ውጤት ብትይዙላቸው፣ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። የልጆቹን ተረትና ዜማ ለጥናት የሚቀዳ ሰው ካለም፣ ቅጂውን ለልጆቹ መልሶ ይስጥ፤ የተረኩትን አያትም ስም ይጻፍ።

ገንዘብ መስጠት የምትፈልጉ፣ የባህል ልብስ አትግዙልን፤ በአንድ ዓመት ያጥራል። የማሲንቆ ጭራ፣ የከበሮ ቆዳ፣ ደብተር፣ እርሳስና ቀለም በየዓመቱ ያልቃል፤ እሱን ቻሉልን። ባነር ግን አይኖርም። ስማችሁን ያዡ ልጅ በደብተሩ ይመዘግባል፤ ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ አረጋግጬላችኋለሁ።

 ከዚህ በኋላ በር ላይ ደብተር ይዤ እቆማለሁ። በየትኛው ክረምት ልትመጡ እንደምትችሉ ብቻ ጻፉልኝ።