የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት እንዴት ይሻሻላል? ከሽምደዳ ወደ ምክንያት
በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ሙሉ ጽሑፍ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእንግሊዝኛ ፈተና የሚያገኘውን ውጤት በምን መንገድ ሊያሻሽል ይችላል? ጥያቄው የፈተና ብልሃት ከመለዋወጥ ያለፈ ክብደት አለው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ የፊዚክስም ሆነ የጂኦግራፊ ጥያቄ የቀረበለት ተማሪ በቅድሚያ የሚፈተነው ጥያቄውን አንብቦ በመረዳት ነው። እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሌሎቹም በር ነው።

ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት ውጤት የሚባለውን ቁጥር በትክክል እንረዳው። አራት አማራጮች ያሉት 100 ጥያቄ ቢቀርብና ተማሪው አንዱንም ሳያነብ ቢያጠቁር፣ በአማካይ 25 ያህል ያገኛል። እንግዲህ የሚያውቀውን በትክክል ሠርቶ የቀረውን በግምት የሚሞላ ተማሪ 30 ቢያመጣ፣ በእርግጥ የሚያውቀው ወደ 7 የሚጠጋ ጥያቄ ነው። 50 ያመጣው ደግሞ 33 ያህሉን ያውቃል። በዚህ ስሌት ከ30 ወደ 50 መሻገር ማለት 27 ያህል ተጨማሪ ጥያቄዎችን በእውነት ማወቅ ነው። ሒሳቡ ሁለት ነገር ያስተምረናል። በመጀመሪያ፣ ዝቅተኛ ውጤት ከሚመስለው በላይ የዕውቀት ጉድለትን ይሸፍናል፤ በግምት ብልሃትም አይጠገንም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የጎደለው ሊቆጠርና ሊታቀድ የሚችል ነው። ተስፋውም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቃላት ናቸው። ብዙ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት ገልጠው ብርቅና እንግዳ የሆኑ ቃላትን ይሰበስባሉ፤ ሲናገሩአቸው ሰው ያስደንቃሉ፣ በምንባብ ውስጥ ግን አይገናኙአቸውም። የቋንቋው አጠቃቀም የሚያሳየን ተቃራኒውን ነው። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዝርዝር 2000 ያህል ዋና ዋና የእንግሊዝኛ ቃላትን ይዟል፤ እነዚህ ከማናቸውም ጽሑፍ ውስጥ እጅግ የሚበዛውን ክፍል ይሸፍናሉ። አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው የአካዴሚያዊ ቃላት ዝርዝር ደግሞ 570 የቃላት ቤተሰቦችን የያዘ ሲሆን፣ ከትምህርታዊ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ «አሲዩም»፣ «ዲራይቭ»፣ «ፋንክሽን»፣ «ሲግኒፊካንት» የመሳሰሉት ይገኛሉ። አንድ ተማሪ እነዚህን በሒሳብ ወይም በባዮሎጂ መጽሐፉ በየገጹ ያገኛቸዋል። በቀን አምስት ቢይዝ 570ው በ114 ቀን፣ ማለትም ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ያልቃሉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ አንባቢ አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በሚገባ ይረዳ ዘንድ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንዳለበት የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳየው ጥናት ያመለክታል። 98 በመቶ ማለት ከ50 ቃላት አንዱ ብቻ እንግዳ ሲሆን ነው። ከ10 ቃላት ሁለቱ እንግዳ የሆኑበት ተማሪ «ከዐውደ ንባቡ ገምት» ቢባል የሚገምትበት ዐውድ የለውም። ብልሃቱ የሚሠራው መሠረቱ ሲኖር ነው።

ሁለተኛው ሥራ ሰዋስው ነው። እዚህ ላይ ከተለመደው ምክር ልለይ እወዳለሁ። ተማሪው አማርኛውን ከክፍል ውጭ ትቶ ይግባ የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኔ ግን አፉን በአማርኛ የፈታ ተማሪ የሚስታቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአማርኛው ሥርዓት የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ምንጩን ቢያውቅ ስሕተቱን አስቀድሞ ይጠብቀዋል እላለሁ። ጥቂት ምሳሌዎች ላቅርብ።

አማርኛ «ትናንት መጥቷል» ይላል፤ ምንም ነውር የለበትም። እንግሊዝኛ ግን «ሃዝ ካም» የሚለውን ግሥ «የስተርዴይ» ከሚለው ቃል ጋር አያስቀምጥም፤ ያለፈበት ጊዜ ተለይቶ ከተጠቀሰ «ኬም» ይላል። አማርኛ «ነገ እመጣለሁ አለኝ» ሲል የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ይይዛል፤ እንግሊዝኛ ግን በተዘዋዋሪ ንግግር ተውላጠ ስሙንና ጊዜውን፣ ብዙ ጊዜም «ነገ» የሚለውን ቃል ጭምር ይለውጣል። አማርኛ «ምንም እንኳ ቢደክም፣ ግን ሠራ» ቢል ያስኬዳል፤ እንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት» አይደግምም። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ከሚለው ግሥ በኋላ «አባውት» እንጨምራለን፤ ግሡ ግን መስተዋድድ አይፈልግም። «በአዲስ አበባ»፣ «በሁለት ሰዓት»፣ «በሰኞ ዕለት»፣ «በአውቶቡስ»፣ «በቢላዋ» በምንልበት ቦታ ሁሉ አማርኛው አንድ «በ» ይበቃዋል፤ እንግሊዝኛው «ኢን»፣ «አት»፣ «ኦን»፣ «ባይ»፣ «ዊዝ» እያለ አምስት ቦታ ይከፍለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎችን የሚያስቸግረው የሁኔታ ዐረፍተ ነገር ነው። «ካጠናህ ታልፋለህ»፣ «ብታጠና ታልፍ ነበር»፣ «አጥንተህ ቢሆን ኖሮ ታልፍ ነበር» የሚሉትን ሦስቱን ተመልከቱ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ማሰሪያው አንድ ነው፦ «ታልፍ ነበር»። እንግሊዝኛ ግን አንዱን «ዉድ ፓስ»፣ ሌላውን «ዉድ ሃቭ ፓስድ» ብሎ ይለያቸዋል። ተማሪው ሁለቱን የሚያደባልቀው ስለ ሰነፈ አይደለም፤ የገዛ ቋንቋው ልዩነቱን በሌላ ቦታ፣ በ«ኖሮ» ላይ ስላስቀመጠው ነው። ይህን አንድ ጊዜ የተገነዘበ ተማሪ ሕጉን ሃያ ጊዜ ከመሸምደድ ይድናል። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሌላ ቋንቋ አፍ መፍቻቸው ለሆነ ተማሪዎችም መምህራኖቻቸው ተመሳሳይ ዝርዝር ሊያዘጋጁላቸው ይገባል።

ሦስተኛው ሥራ የአጠናን ስልት ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው ቡድን ደግሞ አንድ ጊዜ አንብቦ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታወሱ። ማታ ያነበበውን ጠዋት ሳያይ ለመጻፍ የሚታገል ተማሪ ድካሙ ሞኝነት ይመስለዋል፤ የሚጸናው ግን ያ ድካም ነው።

ይህን ከተቀበልን ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን የምንጠቀምበት መንገድ መለወጥ አለበት። ዛሬ ተማሪው ጥያቄውን ያያል፣ መልሱን «ሐ» መሆኑን ከወረቀቱ ጀርባ ያረጋግጣል፣ ያልፋል። ነገር ግን ያ ጥያቄ እንዳለ ተመልሶ የሚመጣበት ዕድል ጠባብ ነው፤ የሚመለሰው ጥያቄው የቆመበት ሕግ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምክንያት ይጻፍ፦ አንዱ ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ። በዚህ መልክ የተሠሩ 20 ጥያቄዎች መልሳቸው ብቻ ከተሸመደደ 200 ጥያቄዎች ይበልጣሉ። የተሳተውም በአንድ ደብተር እየተመዘገበ በየሳምንቱ ይከለስ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብተሩ ተማሪው በየትኛው ሕግ ላይ እንደሚወድቅ በግልጽ ያሳየዋል።

ይህ አካሄድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግእዝን የሚማረው ማንም በዕለት ተዕለት ኑሮው የማይነጋገርበት ቋንቋ ሆኖ ሳለ ነው። ግሡን ያወርዳል፣ አገባቡን ይማራል፣ ከዚያም በዚያ አይቆምም፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይቆጥራል። ሽምደዳው ለፈጠራ መነሻ እንጂ ማብቂያ አይደለም። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት የወሰድነው የመጀመሪያውን እርከን ብቻ ነው፤ ሕጉን አስይዘን ተማሪው በሕጉ የራሱን ዐረፍተ ነገር ሳይሠራ እንለቀዋለን። «ፈተናው ምርጫ ስለሆነ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?» ለሚለው መልሴ ይህ ነው፦ በቀን አምስት ዐረፍተ ነገር የሚጽፍና የሚታረም ተማሪ፣ ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር ከአራት መካከል ሲያየው ያውቀዋል።

ስለ ፈተናው ዕለት አጭር ነገር ልጨምር። በ120 ደቂቃ 120 ጥያቄ የሚሠራ ተማሪ ለአንዱ አንድ ደቂቃ አለው፤ ሆኖም የሰዋስው ጥያቄ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ስለሚችል፣ የተረፈው ለምንባብ ይቀመጥ። ምንባቡ ከመነበቡ በፊት ጥያቄዎቹ በዐይን ይቃኙ። በምንባቡ ውስጥ አንድ ተውላጠ ስም ምንን እንደሚያመለክት ሲጠየቅ፣ አማራጮቹን በተራ በቦታው እየተኩ ዐረፍተ ነገሩን ማንበብ ከግምት ይሻላል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ በማይቀነስበት ፈተና ደግሞ ባዶ የሚተው ቦታ ሊኖር አይገባም።

ቤተ መጻሕፍት የሌለው፣ ኢንተርኔት የማይደርስበት የገጠር ተማሪስ? ያቀረብሁት ሁሉ በእጁ ባለው መማሪያ መጽሐፍ፣ በአንድ ደብተርና በአንድ የጥናት ጓደኛ ሊሠራ የሚችል እንዲሆን ተጠንቅቄአለሁ። የባዮሎጂ መጽሐፉን አንድ አንቀጽ አንብቦ ዋና ሐሳቡን በአንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ለጓደኛው መጻፍ የቃል፣ የሰዋስውና የንባብ ልምምድን ባንድነት ይይዛል። የማይተካው ግን አራሚው ነው። ስድሳና ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል የያዘ መምህር የሁሉንም ጽሑፍ በየቀኑ ሊያርም አይችልም፤ ይህን እያወቅን ሸክሙን በተማሪው ጥረት ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም።

በመሆኑም የመጨረሻው ቃሌ ወደ ራሳችን ፋኩልቲ ያመራል። ነገ የእንግሊዝኛ መምህር ሆነው የሚወጡት ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት ተማሪዎቻችን ናቸው። እነርሱን የምንፈትነው ትርጓሜ በማስጠቀስ ከሆነ፣ እነርሱም ነገ ያንኑ ያደርጋሉ። በትምህርት ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ስንልካቸው የአካባቢውን ተማሪ አፍ መፍቻ ቋንቋና እንግሊዝኛን የሚያነጻጽር የስሕተት ዝርዝር አዘጋጅተው እንዲመለሱ፣ የተማሪዎችንም ጽሑፍ እንዲያርሙ ብናደርግ፣ እኛ የጥናት መረጃ፣ ትምህርት ቤቱ አራሚ ያገኛል። ለዚህ አዲስ በጀት ሳይሆን የልምምድ መመሪያችንን ማሻሻል ይበቃል። ጉዳዩ በሚቀጥለው የትምህርት ክፍል ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ በትሕትና አሳስባለሁ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።