እምቢ ያሉት ቄስ

(በአንድ የውይይት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ እንጂ ሰባኪ አይደለሁም። ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የምናገረውም ስለ ጽድቃቸው ለመመስከር አይደለም፤ ያንን ለሚመለከታቸው ትቻለሁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መንግሥት የሃይማኖት መሪን አፍ ሊከራይ ሲመጣ መሪው ምን ይላል?

ሰውየው በ1921 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ቦጂ ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ነቀምት ሆስፒታል ድሬሰር ሆነው ሠሩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን። የቁስለኛ ገላ በእጃቸው ያጠቡ ሰው ናቸው። በ1950 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ተምረው ሲመለሱ፣ በ1958 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ የንጉሡ ሚኒስትር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ናቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከተቋቋመች ገና ሰባት ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ጄኔቭ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ከደብዳቤው በስተጀርባ የቄስ ጉዲና እጅ ነበረበት። እስቲ ነገሩን አስቡት! የምዕራብ ለጋሾች ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለውሃ ጉድጓድ ገንዘብ አይነፍጉም። ለወንጌላዊ ማሠልጠኛ ሲባሉ ግን እጃቸው ያጥራል። «ልማት ነው የሚያስፈልጋችሁ» ነው ነገሩ። ደብዳቤው በጨዋ ቋንቋ የጠየቀው ይህንን ነው፦ ለእኛ የሚያስፈልገንን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ ወይ? ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ከሁለት የከፈለው ማነው? የእኛ ሰው ሲራብም ሲጸልይም ያው አንድ ሰው ነው!

ይህን የጻፈው ሆስፒታል ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ቢሆን «ልማት ጠል» ተብሎ በታለፈ ነበር። ድሬሰሩን ግን ማን እንዲህ ይላቸዋል? ለጋሾቹም ነገሩን ችላ ማለት አልቻሉም፤ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ ናይሮቢ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ። የሚሰጠውን እጅ እየተቀበሉ ሰጪውን መጠየቅ፣ ጎበዝ፣ ቀላል አይደለም። ዛሬም በእርዳታ ገንዘብ የምንኖር ሁሉ እናውቀዋለን።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አንዳንዶች እንደሚሉት ቄሱ ለውጥ ጠል አልነበሩም። የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ከምእመናቸው ብዙው ጭሰኛ ነበርና ደስታው የእሳቸውም ነበር። ችግሩ የመጣው ደርግ ከመሬቱ አልፎ ልብንም ልውረስ ሲል ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። በየጠቅላይ ግዛቱ ጸሎት ቤቶች ይታሸጉ ጀመር። ይህ ሁሉ እየሆነ ቄሱን ውጭ አገር ሄደው «በኢትዮጵያ የሃይማኖት ነፃነት አለ» ብለው እንዲመሰክሩ ፈለጓቸው። እምቢ አሉ።

አንድ ሌላ ጣጣም ነበረባቸው። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦነግ መሥራቾች አንዱ ነበሩ፤ የደርግ ሰዎች ቄሱንም በዚያው ዓይን ያዩዋቸው ነበር። እሳቸው ግን በዚያ ጊዜ የተያያዙት የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በጋራ የሚመክሩበት መድረክ ለማቆም ደፋ ቀና ማለቱን ነበር።

ሁለት ጊዜ ታሰሩ። ሁለተኛው እስር ላይ ሲፈቱ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። ሁለተኛ ቆሮንቶስ 5፡15ን ጠቅሰው አልሄድም አሉ። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ፤ በዚያ ዘመን ነፍሱን ይዞ የወጣውን ሁሉ ፈሪ ማለቴ አይደለም። እንዴት ብዬ? ግን ቄስ ጉዲና የራሳቸውን ቄሶች «ሕዝቡን ጥላችሁ አትሂዱ» ብለው ሲለምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ያንን ብለው በአውሮፕላን መሳፈር አልሆነላቸውም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ፣ አዲስ አበባ ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ የሲቪል ልብስ የለበሱ ሰዎች አስቆሟቸው። ሁለቱን ለያዩአቸው። ወይዘሮ ፀሐይን በዚያው ሌሊት ለቀቋቸው። ቄሱ አልተመለሱም። የት ናቸው ሲባል «እኛ ጋ የሉም» ነበር መልሱ።

በዚያው በ1971 ዓ.ም. ከሥልጣናቸው ወርደው የታሰሩት የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በምስጢር ተገድለዋል። አንደኛው ፓትርያርክ፣ ሌላኛው የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ! ገዳዩ ሃይማኖት አልለየም። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ያኔ ነው በወግ በማዕረግ የተቀበሩት።

ወይዘሮ ፀሐይ ባለቤታቸው ከተወሰዱ ከጥቂት ወራት በኋላ እሳቸውም ታስረው ተገረፉ። አሥር ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። ባላቸው የት እንደተቀበሩ ያወቁት ከተፈቱም በኋላ ዓመታት አልፈው፣ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ነው።